ሰዓቱ ፓስፖርት አይጠይቅም

ካኩማ ያላችሁ ወገኖቼ በሙሉ፣ ከዚህ በፊት በሪሴትልመንት የወጡ ወንድሞችና እህቶች ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ብዙ ጽፈውላችኋል። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የበረዶ ከተማና እዚያ ስለሚደረግ፣ ላየው ሰው እብደት ስለሚመስል ውድድር ነው። «ይሄ ሰውዬ ሌላ ወሬ አጣ እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ለምን ለእናንተ እንደጻፍኩት ይገባችኋል።

/ከታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምህረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።/

ከተማዋ

ሌክ ፕላሲድ የምትባለው ከተማ በኒውዮርክ ግዛት ሰሜን፣ አዲሮንዳክ በሚባሉት ተራሮች መካከል ትገኛለች። ኒውዮርክ ሲባል በፊልም የምናየው ፎቅና ግርግር ከታያችሁ እሱን እርሱት። ከዚያ ከትልቁ ከተማ ተነስታችሁ ወደ ሰሜን አምስት ሰዓት ገደማ በመኪና ትጓዛላችሁ፤ ጫካ፣ ተራራ፣ ሐይቅ፣ እንደገና ጫካ። የነዋሪው ቁጥር ሦስት ሺህ አይሞላም። የካምፓችን አንድ ዞን ብቻ ስንት እጥፍ ይሆናል! ግን ይህች መንደር የክረምት ኦሊምፒክን ሁለት ጊዜ አስተናግዳለች፤ በ1932 እና በ1980። ክረምት ስል የእኛን የዝናብ ክረምት ሳይሆን የፈረንጆቹን፣ ሐይቁ ደርቆ መኪና የሚሸከምበትን ጊዜ ማለቴ ነው።

እኔ የሄድኩት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በጥር ወር ነው። ከተማው መሐል ሚረር ሌክ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ሕፃናት በላዩ ላይ ይሮጣሉ፣ ውሾች ይጎትታሉ። ካኩማ ላጋው ሲደርቅ አሸዋው ላይ ኳስ እንደምንጫወተው ማለት ነው። ልዩነቱ የእኛ ወንዝ በፀሐይ፣ የእነሱ ሐይቅ ደግሞ በብርድ መድረቁ ብቻ ነው።

በዚህ አካባቢ ሁለት ነገሮች በጣም ገርመውኛል፤ ሁለቱም ወደ ዋናው ወሬዬ ያደርሱኛል።

አንደኛው፣ በ1980ው ኦሊምፒክ ከ37 አገሮች የመጡት አትሌቶች ያረፉበት መንደር ነው። ሬይ ብሩክ በሚባል ቦታ የተሠራ ሲሆን፣ ገና ከመጀመሪያው የተሠራው ከውድድሩ በኋላ የፌዴራል እስር ቤት እንዲሆን ታስቦ ነው። እንዲያውም ክፍሎቹ ጠበቡ ብለው ያጉረመረሙ አትሌቶች ነበሩ። ውድድሩ አልቆ ሻምፒዮኖቹ ወደየአገራቸው ሲሄዱ እስረኞቹ ገቡ። እስር ቤቱ እስከ ዛሬ አለ። ግንቡ ያው፣ አጥሩ ያው፤ ልዩነቱ ሲወጡ ማን ይፈቅዳል የሚለው ብቻ ነው። ሙቭመንት ፓስ ለመጠየቅ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይህ ነገር ሳይብራራለት ይገባዋል።

ሁለተኛው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የጆን ብራውን እርሻና መቃብር ነው። ጆን ብራውን ባርነትን በመሣሪያ ለመታገል ተነስቶ በ1859 በቨርጂኒያ በስቅላት የተቀጣ ነጭ ነው። እዚህ የመጣበት ምክንያት ግን የሚገርም ነው። በዚያ ዘመን በኒውዮርክ ግዛት ጥቁር ወንድ ድምፅ ለመስጠት 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት እንዳለው ማሳየት ነበረበት፤ ነጩ ግን ይህ አይጠየቅም። ጌሪት ስሚዝ የሚባል ሀብታም በ1846 ከዚሁ ተራራ መሬቱን እየቆረሰ ለሦስት ሺህ ጥቁሮች ማደል ጀመረ። ለምን? የመሬት ወረቀት ይኑራቸው፣ በወረቀቱም ይምረጡ ብሎ። ጥቂቶቹ መጥተው ሰፈሩ፤ ሰፈራቸውም ቲምቡክቱ ተባለ። ብራውንም እነሱን በእርሻ ለማገዝ ነበር የመጣው። ብርዱና ድንጋያማው መሬት አብዛኞቹን አላስቀመጣቸውም። ነገር ግን በዚህ ተራራ ላይ ሰውና ወረቀት ሲታገሉ የኖሩት ከዛሬ 180 ዓመት ገደማ ጀምሮ ነው ማለት ነው።

ሉጅ ምንድነው?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ኩሽኔታን ያውቃል። ከጣውላ ላይ የኩሽኔታ ጎማ ገጥመን፣ ቁልቁለት ላይ ተቀምጠን፣ እናቶቻችን እየጮሁብን የምንለቀው ያ መኪና! ሉጅ ማለት እሱ ነው፤ ጎማ የለውም፣ መንገዱም አስፋልት ሳይሆን በረዶ ነው።

ተወዳዳሪው በትንሽ መንሸራተቻ ላይ በጀርባው ይተኛል፣ እግሩ ወደፊት፣ ራሱ ወደኋላ። መንሸራተቻው ከሥሩ ሁለት የብረት ምላጭ አለው። መሪ የለውም፣ ፍሬንም የለውም። የሚነዳው በባቱ ነው፤ የግራውን ወይም የቀኙን ጫፍ በእግሩ ጫን ያደርጋል፣ በትከሻው ያግዛል። ሲነሳ ተቀምጦ ሁለት እጀታ ይይዝና ወደፊትና ወደኋላ ራሱን አወዛውዞ ይወረወራል፤ ከዚያ ሹል ብረት ባለው ጓንት በረዶውን ሁለት ሦስቴ ቧጥጦ ይተኛል። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ያውቃል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሲጨርስ ቀና ብሎ የመንሸራተቻውን አፍንጫ ወደ ላይ እየሳበና እግሩን መሬት እያስነካ ያቆመዋል።

ውድድሩ የሚደረግበት ተራራ ማውንት ቫን ሆቨንበርግ ይባላል። ዛሬ ያለው መስመር የተከፈተው በ2000 ሲሆን 1,455 ሜትር ርዝመትና 20 መታጠፊያ አለው። ከሥሩ በቧንቧ የሚዞር ማቀዝቀዣ ስላለው ፀሐይ ቢወጣም በረዶው አይቀልጥም። ከላይ ቆማችሁ ስታዩት ዝናብ እንደገባበት ላጋ እየተጠማዘዘ ይወርዳል።

ተመልካች ከመስመሩ አጠገብ ቆሞ ማየት ይችላል። እኔም ቆሜ ጠበቅሁ። አንድ በዕድሜ የገፉ፣ በረዶውን የሚጠግኑ ሰውዬ አጠገቤ ነበሩና «የየት አገር ልጅ እንደሆነ በምን ይለያሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «በልብሱ» አሉኝ። ከዚያ ሳቅ ብለው «ሲያልፍ ግን ልብሱም አይታይህም፣ ድምፁን ብቻ ነው የምትሰማው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ነፋስ ሲመታ የቤታችን ሸራ ከጫፉ ጀምሮ የሚቀደድበት ድምፅ አለ አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። ቀና ስትል የለም።

ሰዓቱ የሚለካው በሺኛ ሴኮንድ ነው። ይህም የመጣው በምክንያት ነው፤ በ1972 ሳፖሮ ኦሊምፒክ በሁለት ሰው ውድድር ጣሊያኖቹና ምሥራቅ ጀርመኖቹ እኩል ወጥተው ለሁለቱም ወርቅ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ አንዷን ሴኮንድ ሺህ ቦታ ሰነጠቋት። ብረቱም ይመረመራል፤ የሞቀ ምላጭ በረዶ ላይ ይበልጥ ይንሸራተታልና፣ ከአየሩ ሙቀት በአምስት ዲግሪ በላይ ከሞቀ ተወዳዳሪው ይሰረዛል። በ1968 ግሬኖብል ላይ የምሥራቅ ጀርመን ሴቶች ምላጫቸውን አሙቀዋል ተብለው ከውድድር ወጥተው ወርቁን ጣሊያናዊቷ ኤሪካ ሌችነር ወሰደች። ክብደቱ ያነሰ ሰው ደግሞ በተወሰነ ልክ እርሳስ ያለበት ሰደርያ እንዲለብስ ይፈቀድለታል፤ ቁልቁለት ላይ የከበደ ይፈጥናልና።

እንግዲህ ልብ በሉ። ብረቱ ይለካል፣ ክብደቱ ይለካል፣ ሴኮንዷ ለሺህ ትሰነጠቃለች። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሰው ከሰው ጋር እኩል ይነሳ ዘንድ ነው። ፍትሕ ማለት ይኼ አይደል? ግን ከዚህ ሁሉ መለኪያ በፊት ሌላ መለኪያ አለ፤ እሱ በሚዛን አይመዘንም።

ፖስተኛውና ተማሪው

ሉጅ የተጀመረው እንዲህ ተሰንጥቆ አልነበረም። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ውድድር የተደረገው በየካቲት 1883 በስዊዘርላንድ፣ ከዳቮስ እስከ ክሎስተርስ ባለው አራት ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ነው። የቀረቡት 21 ሰዎች ነበሩ። አሸናፊ የሆኑት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጆርጅ ሮበርትሰን የሚባል ከአውስትራሊያ የመጣ ተማሪ፣ ሌላው ፒተር ሚንሽ የሚባል የክሎስተርስ ፖስተኛ። ሁለቱም በዘጠኝ ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ገቡ። ከዓለም ዳር የመጣ እንግዳና የመንደሩ ደብዳቤ አዳይ እኩል! ለዚህ ስፖርት ከዚህ የተሻለ ልደት የሚኖር አይመስለኝም።

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1955 ኦስሎ ላይ ተደረገ። ኦሊምፒክ የገባው በ1964 ኢንስብሩክ ነው፤ የገባውም በሐዘን ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ካዚሚየርዝ ካይ-ስክርዚፔስኪ የሚባል ተወዳዳሪ በልምምድ ላይ ተገልብጦ ሞተ። ይህ ሰው በፖላንድ ተወልዶ ሊወዳደር የመጣው ለእንግሊዝ ነበር። በ2010 ደግሞ በካናዳ ዊስለር ላይ የ21 ዓመቱ ጆርጂያዊ ኖዳር ኩማሪታሽቪሊ፣ የኦሊምፒኩ መክፈቻ ዕለት በልምምድ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ስለዚህ ይሄን ነገር እንደ ጨዋታ ብቻ አትዩት፤ ቁልቁለቱ ቀልድ አያውቅም።

የ1983ቱ ሻምፒዮን

አሁን ወደ ዋናው ደረስን።

የሉጅ ዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውሮፓ ውጭ የተደረገው በ1983፣ እዚሁ ሌክ ፕላሲድ ነው። ያኔ የነበረው ለ1980ው ኦሊምፒክ የተሠራው መስመር ነበር። በዚያን ዘመን ይህን ስፖርት እንደ ርስታቸው ይዘውት የነበሩት ምሥራቅ ጀርመኖች ናቸው። የሴቶቹን ወርቅ እንደተለመደው የምሥራቅ ጀርመኗ ሽቴፊ ማርቲን ወሰደች። በወንዶች ግን ያልተጠበቀ ስም ተጠራ፤ ሚሮስላቭ ዛዮንክ፣ ከካናዳ።

ካናዳ? ሰውየው ካናዳዊ አልነበረም። የተወለደው በቼኮዝሎቫኪያ ነው፤ ሉጅንም የተማረው እዚያው ነው፤ ለአገሩም ተወዳድሯል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አገሩን ጥሎ ወጣ። የዚያን ጊዜዋን ቼኮዝሎቫኪያ የማያውቅ ወጣት ካለ፣ በኮሚኒስት ፓርቲ የምትገዛ፣ ዜጋዋ እንደልቡ የማይወጣባት አገር ነበረች። በደርግ ጊዜ የመውጫ ቪዛ ይባል የነበረውን ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ስፖርተኛ ለውድድር ሲወጣ የሚመለስበት ቀን የተቆረጠ ነበር፤ ያልተመለሰ ደግሞ ከሃዲ ነው፤ አገሩን ዳግም ለማየት መንግሥት እስኪለወጥ መጠበቅ አለበት።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ካናዳ የተቀበለችው። የካናዳን ልብስ ለብሶ፣ ግን የካናዳን ዜግነት ገና ሳያገኝ፣ በሌክ ፕላሲድ ቁልቁለት ላይ ተኛ። የምሥራቅ ጀርመን ሠልጣኞችን፣ የሶቪየት ኅብረት ሰዎችን፣ ጣሊያኖችን፣ ሁሉንም ቀድሞ ገባ። ሰዓቱ «የማን ዜጋ ነህ?» አላለውም። ታች ያለው የኤሌክትሪክ ዓይን መንሸራተቻው ሲያልፍ ቁጥር ጻፈ፤ ቁጥሩ ከሁሉም አነስተኛ ነበር፤ በቃ። የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ጥሩ ፊልም ይወጣው ነበር። ግን ስደተኛ ታሪኩ በጥሩው ቦታ እንደማያልቅለት እናንተም ታውቃላችሁ።

በቀጣዩ ዓመት በ1984 የክረምት ኦሊምፒክ በሳራየቮ ተደረገ። የኦሊምፒክ ሕግ ደግሞ አንድ ተወዳዳሪ የሚወክላት አገር ዜጋ መሆን አለበት ይላል። ዛዮንክ የካናዳ ዜግነት አልነበረውም። ቼኮዝሎቫኪያ ደግሞ ጥሎ የወጣው ነው። ስለዚህ የዓለም ሻምፒዮኑ ሳራየቮ ላይ አልቀረበም። ወርቁን ጣሊያናዊው ፓውል ሂልድጋርትነር ወሰደ። የሱም ድል እውነተኛ ድል ነው፤ ማንንም አልሰረቀም። ግን ከላይ ከመነሻው በር ላይ አንድ ሰው ጎድሎ ነበር፤ የጎደለው ደግሞ ፈጥኖ ሳይሆን ወረቀት አጥቶ ነው።

እኛ ካምፕ ውስጥ ይህን ነገር በስንት ስም እናውቀዋለን! አንዱ ማንዴት አጥቶ ይቀራል፣ አንዱ አሊየን ካርዱ ጊዜው አልፎ፣ አንዱ ኬዙ «ፔንዲንግ» ተብሎ። ልጁ በኬሲኤስኢ ፈተና ጥሩ ውጤት ያመጣል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ግን «የየት አገር ሰው ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከውጤቱ በፊት ይመጣል። ፈተናውን የሚያርመው ሰው ስሙን አያይም፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው ግን ስሙን ብቻ ነው የሚያየው። ዛዮንክን ያጋጠመው እሱ ነው።

በመጨረሻ ዛዮንክ ወደ ኦሊምፒክ ደርሷል። በ1988 ካልጋሪ ላይ ተወዳደረ፤ ግን ለካናዳ ሳይሆን ለአሜሪካ፣ በሁለት ሰው ውድድር። ሜዳልያ አላገኘም። የቁልቁለት ጉልበት እንደ እህል ነው፤ በወቅቱ ካልታጨደ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ አሠልጣኝ ሆኖ ለወጣቶች ሉጅ አስተምሯል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ በ1984 ሳራየቮ ላይ የነበረው የሉጅና የቦብስሌይ መስመር ትሬበቪች በሚባል ተራራ ላይ ነው። ከ1992 እስከ 1995 በነበረው ጦርነት ተራራው የመድፍ ምሽግ ሆነ፤ ከዚያ ሆነው ከተማውን ደበደቡት። ከሳራየቮ የሸሸው ሕዝብ ብዛት ስፍር የለውም። ዛሬ መስመሩ ፈርሶ፣ ሲሚንቶው በቀለም ተጽፎበት፣ ጫካ እየበላው ሰው በእግሩ ይሄድበታል። ዛዮንክ የተወለደባት ቼኮዝሎቫኪያም በ1993 ለሁለት ተከፍላ ከካርታ ላይ ጠፍታለች። ምሥራቅ ጀርመንም የለችም፣ ሶቪየት ኅብረትም የለችም። በ1983 ሌክ ፕላሲድ ላይ ከተውለበለቡት ሰንደቆች ስንቶቹ ቀሩ? ያ ሰው ግን የዓለም ሻምፒዮንነቱ እስከ ዛሬ በመዝገብ ላይ አለ። አገር ሲጠፋ ሰዓቱ የጻፈው አልጠፋም።

ባንዲራ ያጣውና ሰፈሯ ላይ ያሸነፈችው

ዛዮንክ ብቻውን አይደለም። ሺቫ ኬሻቫን የሚባል ሕንዳዊ አለ፤ በሂማላያ ተራራ ሥር ያደገ። ሕንድ ውስጥ የበረዶ መስመር ስለሌለ በመንሸራተቻው ላይ ጎማ ገጥሞ፣ በተራራው አስፋልት ላይ በጭነት መኪናና በበግ መንጋ መካከል ይለማመድ ነበር። ኩሽኔታ አላልኳችሁም? በ16 ዓመቱ በ1998 ናጋኖ ላይ ለኦሊምፒክ ቀረበ፤ እስከ 2018 ድረስ ስድስት ኦሊምፒክ ተወዳድሯል። በ2014 ሶቺ ላይ ግን የሕንድ ኦሊምፒክ ማኅበር ታግዶ ስለነበር አገሩ እያለች ባንዲራ አጣ። በኦሊምፒኩ ባንዲራ ሥር ተሰለፈ፣ በግል ተወዳዳሪነት ወረደ። እገዳው የተነሳው የሱ ውድድር ካለቀ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሁለት ቀን! የቢሮ ሰዓት እንዲህ ነው፤ በሺኛ ሴኮንድ አይሄድም።

ደግሞ ደስ የሚል ልንገራችሁ። በየካቲት 2009 የዓለም ሻምፒዮናው እንደገና ወደ ሌክ ፕላሲድ መጣ። የሴቶቹን ወርቅ ከ1995 ጀምሮ ጀርመናውያን ብቻ ሲፈራረቁበት ቆይተዋል። ያን ዕለት ግን ሬምሰን ከምትባል ከዚሁ ግዛት መንደር የመጣች የ22 ዓመት ልጅ፣ ኤሪን ሃምሊን፣ ቀደመቻቸው። አሜሪካውያን በዚህ ስፖርት በሴቶች የዓለም ሻምፒዮን ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ነው። ይህች ልጅ የተገኘችው በየከተማው እየዞሩ፣ ጎማ ባለው መንሸራተቻ ልጆችን አስፋልት ላይ እያስወረዱ በሚመለምሉ ሰዎች ነው። በ2014 ሶቺ ላይ ነሐስ አገኘች፤ በ2018 ደግሞ የአሜሪካን ባንዲራ ይዛ ተሰለፈች።

ይህን የጻፍኩት ከዛዮንክ ጎን እንድታስተያዩት ነው። ሃምሊን ሰፈሯ ላይ አሸነፈች፤ ያሸነፈችበት ሰዓትም፣ የምትይዘው ባንዲራም፣ የሚያጨበጭብላት ዘመድም አንድ ላይ ነበሩ። ለብዙው ሰው ይህ ተራ ነገር ነው፤ ለስደተኛ ግን ሦስቱ አንድ ቀን ላይ አይገናኙም። እኔ ቅናት ሳይሆን ደስታ ነው የተሰማኝ፤ ሰው በገዛ ቀዬው ሲከበር ማየትን የመሰለ የለም።

ለእኛ ምን ይሆነናል?

ከዛዮንክ ጊዜ ወዲህ አንድ ነገር ተለውጧል፤ ለውጡን ደግሞ ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በ2016 ሪዮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የስደተኞች ኦሊምፒክ ቡድን ተሰለፈ። አሥር ነበሩ፤ ከአሥሩ አምስቱ ከካኩማ የሄዱ የደቡብ ሱዳን ልጆች። ባንዲራውን የያዘችው ሮዝ ሎኮንየን በዚያው እናንተ በምትረግጡት አቧራ ላይ ነው መሮጥ የጀመረችው። ከአሥሩ አንዱ ደግሞ የእኛው ዮናስ ክንዴ ነበር፤ በሉክሰምበርግ የሚኖር የማራቶን ሯጭ። ዛዮንክ በ1984 ያጣውን በር ለእነሱ ከፈቱላቸው ማለት ነው፤ ዜግነት ሳይጠየቁ፣ በስደተኝነታቸው። በቶኪዮና በፓሪስም ቡድኑ ቀጥሏል።

በክረምቱ ኦሊምፒክ ግን እስከ 2022 ቤጂንግ ድረስ እንዲህ ያለ ቡድን አልተሰለፈም። ማንም የካኩማ ልጅ ሉጅ ይልመድ አልልም፤ ለካኩማ በረዶ ማምጣት ከውኃ ማምጣት ይከብዳል! የምለው ስለ በሩ ነው። በሩ አንድ ቦታ ከተከፈተ ሌላም ቦታ ሊከፈት እንደሚችል ታየ።

በነገራችን ላይ ይህች የሌክ ፕላሲድ ከተማ ከእኛ ጋር ሌላም ዝምድና አላት። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የመጣው ሮቤል ተክለማርያም የተማረው እዚህ ባለ አዳሪ ት/ቤት ነው። በበረዶ ላይ በረጅም ርቀት ሸርተቴ በ2006 ቶሪኖ ላይ ለኢትዮጵያ ተወዳደረ፤ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊም ሆነ። በ2010ም ተመልሶ ቀርቧል። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ በበረዶ ላይ! እሱ ደግሞ የዛዮንክ ግልባጭ ነው፤ ሙያውን ከባዕድ አገር ተምሮ ለተወለደባት አገር አዋለው፤ ምክንያቱም ወረቀቱ በእጁ ነበር።

ወደ እናንተ ልመለስ። ብዙዎቻችሁ «ወረቀቴ እስኪመጣ» እያላችሁ የቆማችሁ አላችሁ። እኔም ስንት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሜን ስፈልግ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አልመክራችሁም፤ ምክር ርካሽ ነው። የዚህ ሰው ታሪክ የነገረኝን ብቻ ልንገራችሁ። ዛዮንክ በ1983 ወረቀት አልነበረውም፤ ባቱ ግን ሠልጥኖ ነበር። ያ አንድ በር ሲከፈት ዝግጁ ሆኖ ስለቆመ ገባ። የኦሊምፒኩ በር ሲዘጋበት ደግሞ የተዘጋው በወረቀት ነው፤ እሱ ቀርፋፋ ስለሆነ አልነበረም። ይህን ለይቶ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው በር ሲዘጋበት ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ ቀስ በቀስም መሮጡን ይተዋል።

ስለዚህ በማታ ትምህርት ያላችሁ፣ በሻማና በሶላር የምታነቡ፣ ልብስ ስፌት፣ ኮምፒውተር፣ ሶማሊኛና ስዋሂሊ የምትለማመዱ፣ ወረቀቱ አልመጣም ብሎ ማንም እንዳያሾፍባችሁ። ወረቀት የሚሰጠው ሰው እጁ ቀርፋፋ ነው። ሰዓቱ ግን ትክክል ነው።

ቸር ያሰማን። ለሽማግሌዎች አክብሮቴን፣ ለልጆች ሰላምታዬን አድርሱልኝ።